ውሃ የበላው ሰው

አባቴን ውሃ እንደበላው የሰማሁት ከጎረቤታችን ከእትዬ ፌክላ አፍ ነው። በጋው አልቆ የሐይቁ ውሃ መጥቆር የጀመረበት ሰሞን ነበር። እሷና እናቴ ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይጎነጉናሉ፤ እኔ ከአግዳሚው ሥር በሆዴ ተኝቼ ልጣጩን ድመቷ አፍንጫ ላይ እነፋለሁ። አባቴ በጀልባ ወጥቶ ካልተመለሰ ሰንብቷል። የት እንደሄደ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቤታችን ውስጥ እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ከዋለች ጥያቄ አይጠየቅም።

«ተይው በቃ፣ ዋሳ» አለቻት ፌክላ። «ናዛርን እንደሆነ ውሃ በልቶታል። ባል ነበረኝ ብለሽ አታስቢው።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅ ምን ታውቃለች? ትረሳዋለች።»

ድመቷን አስነጠሳት። እኔ በአግዳሚው እግሮች መሃል ሐይቁን አየሁት። ከመረብ መስቀያዎቹ ወዲያ፣ በልቶ እንደጠገበ አውሬ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣ መብላት ተውኩ። በደሴታችን ዓሣ አልበላም ማለት አልተነፍስም እንደማለት ነው። እናቴ መጀመሪያ ለመነችኝ፤ ቀጥላ ተቆጣች። በመጨረሻ ማንኪያውን አፌ ላይ ደቅና «ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» ስትለኝ፣ «አባዬን የበላው ውሃ ውስጥ ነው የሚያድጉት። ከእሱም በልተው ይሆናል» አልኳት።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው። አያቴ ዬቭሴይም ጢማቸውን ከሾርባው ላይ አንስተው እሷን አዩ። አንዳቸውም ምንም አላሉም። እናቴ ሳህኔን አነሳችና ድንች ሰጠችኝ።

ዛሬ ሳስበው ነገሩ የጸናው በዚያች ዝምታ ነው። «የለም፣ ልጄ፣ እንደዚያ አይደለም» ቢሉኝ ያበቃ ነበር። ግን እንደዚያ ካልሆነ እንዴት እንደሆነ መናገር ሊኖርባቸው ነው፤ ያ ደግሞ ከአፋቸው የሚወጣ ነገር አልነበረም። በጸሎት ቤታችን የሙታን ስም ሲጠራ የአባቴ ስም አይጠራም። ሬሳው ስላልተገኘ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ በረዶ ሲሆን ፍርሃቴ ባሰ። በረዶ ሲጠነክር ይጮሃል። ከሩቅ ይጀምርና ድው እያለ በቤታችን ሥር የሚያልፍ ይመስላል፤ ልክ ሰው ከታች ሆኖ ጣራ እንደሚደበድብ። አባቴ ነው ብዬ አመንኩ። ክዳን ተገጥሞበት፣ መውጫ አጥቶ፣ በጡጫው እየደበደበ። ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ እናቴ ደረት ውስጥ እገባለሁ። እሷ ብርድ መስሏት ታለብሰኛለች።

«ደሴት ላይ ተወልዶ ውሃ የሚፈራ ሰው ምን ሊሆን ነው?» አሉ አያቴ አንድ ቀን። «ነገ ከእኔ ጋር ትወጣለች።»

«አባባ፣ ይተዉአት።»

«ብተዋትማ እስክታረጅ ምድጃ ሥር ትቀራለች። ፍርሃት እንደ ውሻ ነው፤ ሲሮጡለት ይከተላል።»

በማግስቱ እናቴ የሱፍ ቦት ጫማዬን አጥልቃልኝ፣ ሻርፔን በደረቴ ላይ አስተላልፋ ጀርባዬ ላይ ቋጠረችው። ያንን ልብስ የመግነዝ ያህል ነው የለበስኩት። ወደ አባቴ ልትልከኝ መሰለኝ።

አያቴ እንጨት መንሸራተቻቸውን በገመድ ይጎትታሉ። ላይዋ ላይ የዓሣ ሳጥን፣ አሮጌ ጆንያና የተጠቀለለ ረጅም ገመድ አለ። በሌላ እጃቸው ጫፉ ሹል ብረት የሆነ ከባድ ዘንግ ይዘዋል። በየጥቂቱ ይቆሙና ፊታቸው ያለውን በረዶ በዘንጉ ይመቱታል።

«ነይ ስሚ፣ ኡስቲኒያ። አንዴ ስትመቺው ውሃ ከፈለቀ እግርሽን አታንሺ። መሬት ለመሬት እየጎተትሽ በመጣሽበት ተመለሺ። ደጋግመሽ መትተሽው ደረቅ ከሆነ እለፊ። ጠቆር ብሎ የሚያንጸባርቀውን እመኚው። ነጩ፣ ወተት የመሰለው፣ ውሸታም ነው።»

«ሲጮህስ?»

«ሲጮህማ እየጠነከረ ነው። የሚጮኸውን አትፍሪ፤ ዝም ያለውን ፍሪ።»

የሚጮኸው ማን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ግን አልነገርኳቸውም።

ወደ ምሥራቅ ገፋ ብለን ስንሄድ በረዶው ላይ የተተከሉ የጥድ ቅርንጫፎች ታዩ፤ ተራ ገብተው ርቀው ይሄዳሉ። አያቴ ቆም አሉ።

«ከቅርንጫፎቹ ወዲያ አንዲት እርምጃ እንዳትሄጂ። ከሥሩ ውሃው ይሮጣል። የሚሮጥ ውሃ ደህና በረዶ አይሠራም።»

ቀጥለው ከአንገታቸው አንድ ክር አውልቀው በእኔ አንገት አጠለቁት። በክሩ ሁለት ጫፍ የእንጨት እጀታ ያላቸው ሹል ሚስማሮች ተንጠልጥለዋል።

«ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ከገባሽ መውጫሽ ነው። በረዶ በእጅ አይያዝም፤ ያንሸራትታል። እነዚህን ጨብጠሽ ትሰኪያቸውና እንደ ድመት ትወጪያለሽ። የምትወጪውም በመጣሽበት በኩል ነው፤ እስከዚያ የተሸከመሽ እሱ ነዋ።»

«አባዬ ይሄ አልነበረውም?»

አያቴ ሳላቸው መጣ። ብዙ ሳሉ።

«ናዛር ሁሉ ነገር ነበረው» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ከቅርንጫፎቹ ወዲህ ቆመው ይቆፍሩ ጀመር። በረዶው እየተፈነጠረ ጉንጬን ይወጋኛል። ውሃው ከታች ፈልቆ ሲሞላ ብዙ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ ስብርባሪውን ጠረጉት። ጉድጓዱ የባልዲ አፍ ያህል ነው፤ ውስጡ ጥቁር። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ፣ ጆንያው ጀርባዬ ላይ ተደርቦ፣ ወደዚያ ላለማየት ሰማዩን አያለሁ።

ትሎቹን አያቴ በትንሽ ቆርቆሮ አድርገው ብብታቸው ውስጥ ነው የያዟቸው፤ ውጭ ከወጡ በብርድ ይደርቃሉ። አንዷን ቀይ ትል የገብስ ፍሬ የምታህል የእርሳስ ክብደት ባለባት መንጠቆ ላይ ሰኩና ክንድ የማይሞላ የማጥመጃ ዘንግ አስያዙኝ። ጫፉ ላይ ዓሣ ሲነክስ የሚጎነበስ የአሳማ ጠጉር አለ።

«ታቹን እስኪነካ ልቀቂው። ነካ? አሁን ትንሽ አንሺው። አንቀጥቅጪው፣ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ። ቀስ… አሁን አቁሚ። ዓሣ የሚነክሰው ስትቆሚ ነው። ጠጉሩን ብቻ እዪ።»

ማንቀጥቀጡን መማር አላስፈለገኝም፤ እጄ ራሱ ይንቀጠቀጣል። አቁሚ ሲሉኝ ነው ያቃተኝ። ከታች፣ ከዚያ ጥቁር ውስጥ፣ በቀጭን ክር የአባቴን በር የማንኳኳ መሰለኝ።

ጠጉሩ ጎንበስ አለ። ክሩ ወደ ታች ተጎተተ።

«ያዘኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ ያዘኝ!»

«ሳቢ! ሳቢ እንጂ፣ አትልቀቂ!» አያቴ እየሳቁ በሁለት እጃቸው ክሩን ከፊቴ ጠቀለሉት። ጎኑ የተዥጎረጎረ፣ ክንፉ ቀይ የሆነ ዓሣ ዘሎ ወጣና በረዶው ላይ ተንፈራገጠ። ጎንበስ ብዬ አፉ ውስጥ አየሁ። ምንም የለም። ዓይኑን አየሁት፤ እሱም እኔን የሚያየኝ መሰለኝ።

አያቴ ግን ሳቃቸውን አቁመው ነበር። ዓሣውን ሳይሆን ወደ ቅርንጫፎቹ ነው የሚያዩት።

አመዳይ መጣል ጀምሯል። በዚያ ነጭ ውስጥ፣ ከምሥራቅ በኩል፣ ሰው የሚኖርበት ቤት የለም ብዬ ከማስበው አቅጣጫ፣ አንድ ሰው ቅርንጫፎቹን እየተከተለ ይመጣል። ዘንግ የለውም፤ መንሸራተቻም የለውም። ቅንድቡ ነጭ ሆኗል። ሲቀርብ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ የሚሄደውን አካሄድ አወቅሁት። ያንን ትከሻ ስጋልበው ነው ያደግሁት።

ፊቱ ግን የአባቴ አልነበረም። ጢሙ የለም። ጢም የነበረበት ቦታ ነጭና እርጥብ ነው፣ እንደ ዓሣ ሆድ። ዓሦቹ በልተውለታል ማለት ነው። ሽንቴ በሱፍ ጫማዬ ውስጥ ሲወርድ ታወቀኝ።

«ሰላም ነዎት፣ አባቴ» አለ ሰውየው።

አያቴ ዘንጉን አነሱ። «ማን ነህ? እዚህ የማውቀው ሰው የለም።»

«ናዛር ነኝ እኮ።»

«ናዛር ሞቷል። እኛ ዘንድ ሞቷል፤ ሙት ሆኖ ይቅር።»

«ልጄን አንዴ ልያት ብቻ። ምንም አልጠይቅም። ኡስቲዩሻ…»

እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። እጁን ዘረጋ። እኔ ከሳጥኑ ወድቄ ወደ ኋላ ተሳብኩ።

«አየሃት?» አሉ አያቴ። «አልቅሳ የጨረሰችን ልጅ ሁለተኛ ልታስለቅሳት ነው? ወደ መጣህበት ተመለስ! ተመለስ አልኩህ!» ዘንጉን በደረቱ ትይዩ ዘረጉት።

ሰውየው እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። እኔን አየኝ፤ ዘንጉን ሳይሆን እኔን። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ያ ሰው ከማዶው ከተማ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በእግሩ መምጣቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከእምነታችን ውጭ የሆነች ሴት አግብቶ፣ ፋብሪካ ገብቶ፣ እምነታችን የሚከለክለውን አድርጎ ጢሙን ተላጭቶ በሕይወት ይኖር ነበር። በእኛ መንደር ከዚህ የባሰ ሞት የለም። ያን ጊዜ ግን እኔ ያየሁት ከበረዶው ሥር ወጥቶ አያቴ ያባረሩትን ሬሳ ነው።

ሲመጣ ቅርንጫፎቹን ተከትሎ ነው የመጣው። ሲመለስ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ በቅርንጫፎቹ መሃል ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ሄደ። አያቴ ጀርባቸውን ሰጥተውት ክሩን ይፈታሉ። እኔ ነኝ ያየሁት። ነጩ ላይ ይሄዳል፤ ይሄዳል፤ ከዚያ የለም። ጩኸት አልተሰማም። ዝም ያለ በረዶ ነበር።

«ገባ» አልኩ። «ቤቱ ገባ።»

አያቴ ዞሩ። የእሳቸውን ድምፅ እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። «ናዛር! ልጄ!» እያሉ ሮጡ፤ ከቅርንጫፎቹ አልፈው ትንሽ እንደሄዱ በረዶው በእግራቸው ሥር ጎበጠና ውሃ ፈለቀ። በደረታቸው ተደፍተው እየተንፏቀቁ ተመለሱ። ግዙፍ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ላይ ለምዳቸው የሰው ግማሽ ይመዝናል። ከጥቁሩ ቀዳዳ ውስጥ የአባቴ ራስና ሁለት ክንዶች ወጥተው የበረዶውን ጠርዝ ይቧጥጣሉ፤ ጠርዙም ይሰበራል።

አያቴ መንሸራተቻዋን ይዘው፣ የረጅሙን ገመድ አንድ ጫፍ ወገቤ ላይ፣ ሌላውን መንሸራተቻዋ ላይ አሰሩና ተንበረከኩ።

«ኡስቲኒያ፣ እኔን አይችለኝም። አንቺን ይችልሻል። በሆድሽ ተኝተሽ፣ እግርሽን እንደ እንቁራሪት ከፍተሽ መንሸራተቻዋን ግፊለት። አንቺ ከኋላዋ ሁኚ። ገመዱን እኔ ይዤዋለሁ፤ ብትገቢም አወጣሻለሁ። ትችያለሽ?»

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ያባረሩትን ሙት ለምን ሊያወጡት ይፈልጋሉ? ግን አያቴ ያለቅሱ ነበር። ሄድኩ።

በረዶው ከሆዴ ሥር ይተነፍሳል፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ውሃ በጓንቴ ገባ። መንሸራተቻዋን ገፋሁ፣ ተሳብኩ፣ ገፋሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ያ ጢም የሌለው ፊት ቀርቧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። አሁን ይይዘኛል፤ ይዞኝ ይሰምጣል እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አትምጪ!» አለኝ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ኡስቲዩሻ፣ አትቅረቢ! ተመለሺ! ተመለሺ ልጄ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። ሊበላ የመጣ ሰው ተመለሺ አይልም። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ይቺን ብቻ ነው ያሰብኩት። ከአንገቴ ክሩን አውልቄ ሚስማሮቹን ወረወርኩለት፤ መንሸራተቻዋንም በሙሉ ኃይሌ ገፋሁለት። አንደኛውን ሚስማር ያዘ። ሰካው። በሌላ እጁ የመንሸራተቻዋን እግር ጨበጠ።

«ያዘ!» አልኩ። «አባባ፣ ያዘ!»

አያቴ መጀመሪያ እኔን ሳቡኝ። ቀጥሎ በመንሸራተቻዋ ገመድ እሱን። ውሃውን እየጎተተ፣ በሆዱ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ልክ እኔ እንዳወጣሁት ዓሣ በረዶው ላይ ተንፈራገጠ። አያቴ ለምዳቸውን አውልቀው ጣሉበትና ጭንቅላቱን እቅፋቸው ውስጥ አስገብተው «አንተ ደንቆሮ! አንተ የደንቆሮ ልጅ! ዘንግ እንኳን ሳትይዝ!» እያሉ ጀርባውን ይደበድቡታል።

ቤት ስንደርስ እናቴ ሊጥ ይዛ ነበር። በሩ ላይ ያለውን ሰው አየች። ሊጡን ከጣቷ አንድ በአንድ ጠረገች፤ ከዚያ ልብሱን ትገፈው ጀመር። በዝይ ስብ አሸችው፤ በለምድ ጠቅልላ ምድጃው ሥር አስቀመጠችው። ጫማውን ገለባ ጠቅጥቃ ሰቀለችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ጊዜም ፊቱን አላየችውም።

ሲመሽ የዓሣ ሾርባ ቀረበ። ለእሱ የቀዳችበት ሳህን ከእኛ ሳህኖች ጋር ከሚቀመጠው አይደለም፤ በር አጠገብ ለብቻው ከሚቀመጠው ነው። አባቴ ሳህኑን አየና ማንኪያውን ይዞ ቆየ። ከዚያ እንባው ሾርባው ውስጥ እየወረደ በላ። የሙታን ሳህን መሰለኝ። አድጌ ነው ያወቅሁት፤ እምነታቸው ከእኛ ለተለየ እንግዶች የምናስቀምጠው ሳህን ነበር።

ተጠግቼ በአንድ ጣት እግሩን ነካሁት። ሮጬ ወደ አያቴ ሄድኩና «ይሞቃል» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ምድጃው ሥር ስለተቀመጠ ነው» አሉ አያቴ።

ጠዋት አያቴ ፈረሳቸውን በትልቁ መንሸራተቻ ጠመዱ፤ በደህናው መንገድ ዞረው ሊያደርሱት ነው። አባቴ የደረቀ ጫማውን አጥልቆ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ፤ ፊቱ ከፊቴ ትክክል ሆነ።

«ኡስቲዩሻ፣ ለፋሲካ መጥተሽ እኔ ዘንድ ትሰነብቻለሽ? እናትሽ ከፈቀደች?»

የእናቴን ቀሚስ በሁለት እጄ ያዝኩ። «አልሄድም! እዚያ ታች አልሄድም! ውሃ ውስጥ መኖር አልችልም!»

አባቴ ግራ ገባው። ቀና ብሎ እናቴን አየ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳለች። አያቴን አየ፤ አያቴ የፈረሱን ልጓም ያስተካክላሉ። ያን ጊዜ ነው የገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ከመፍራቴ የተነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ ይበርዳል። አንቺ እዚሁ ከእናትሽ ጋር ሁኚ።»

ተነሳ፤ መንሸራተቻው ላይ ወጣ፤ ሄዱ። እናቴ በሩን ሳትዘጋ ብርዱ ቤቱን እስኪሞላው ቆማ ቀረች።

እያደግሁ ስሄድ ሙታን ጫማቸውን እንደማያደርቁ ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም ጥያቄ በማይጠየቅበት ቤት ነው ያደግሁት። አያቴን በቀበርንበት ዓመት ክረምት ነው እናቴን የጠየቅኋት። ድንች ትልጥ ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«ለምን ሞቷል አላችሁኝ?»

«እኛ አላልንም። አንቺ ነሽ ያልሽው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ «የሞተ አባት ያስለቅስሻል እንጂ አያሳፍርሽም ብዬ ዝም አልኩ። እሱም እሺ አለ። አየሽው አይደል? እሺ አለ» አለች። ያኔ ቢላዋውን አስቀመጠች።

በማግስቱ ዘንግ ይዤ፣ ከፊቴ ያለውን በረዶ እየመታሁ፣ ቅርንጫፎቹን ተከትዬ ወደ ማዶ ሄድኩ። በረዶው ዝም ሲል ቆም እላለሁ፤ ሲጮህ እንደገና እራመዳለሁ። ዳር ልደርስ ስል ከከተማው ጭስ ፊት ለፊት አንድ ሰው ሳጥን ላይ ተቀምጦ ክር ያንቀጠቅጣል። ቀኝ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

ከኋላው ቆምኩ። የእግሬን ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ከጫማዬ እስከ ሻርፔ ቀስ ብሎ አየኝ። ዘንጌን በረዶው ላይ አስተኛሁ።

አባቴ ሳጥኑ ላይ ጠጋ አለልኝ። ተቀመጥኩ። ነፋሱ በእሱ በኩል ነበር የሚመጣው፤ እኔ ዘንድ ብዙም አልደረሰም።